ለሊቅነት ዕጩ ማን ያስብለታል? የዶክትሬት ተማሪዎች ደኅንነትና ድጋፍ በታሪክ

«ዶክተር» የሚለው ቃል በአገራችን ሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው የሐኪም መጠሪያ በመሆኑ ነው። የቃሉ ምንጭ ግን «ማስተማር» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግሥ ስለ ሆነ፣ ጥንታዊ ፍቺው «መምህር» ማለት ነው። እንግዲህ ሰውን የሚያክመውና ሰውን የሚያስተምረው በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው። ይህም አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ሌላውን ለማስተማር ሲል ዓመታት ሙሉ በምርምር የሚደክመውን ሰው፣ እርሱን ራሱን ማን ይንከባከበዋል? ሲቸግረው ማን ይረዳዋል? ሲታመም ማን ያስታምመዋል? ተስፋ ሲቈርጥስ ማን ያጽናናዋል? የሚል ነው።

ጥያቄው ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ ተወልዶ፣ በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ሲሰጠው ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚያን መልሶች በቅደም ተከተል መመልከት፣ በመጨረሻም ለራሳችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሆነውን ትምህርት ለይቶ ማውጣት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን ያስፈልጋል።

ከለላ፣ ብድርና ማደሪያ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አንድ ሰው ለትምህርት ከአገሩ ሲወጣ ዘመድም ዳኛም አልነበረውም። በሄደበት ከተማ የአገሩ ሰው ያልከፈለው ዕዳ ቢኖር እርሱ ተይዞ ሊጠየቅበት ይችል ነበር። ስለዚህ ለተማሪ የተሰጠው የመጀመሪያው ታላቅ ድጋፍ ገንዘብ ሳይሆን የሕግ ከለላ ነው። ንጉሠ ነገሥት ፍሬደሪክ ባርባሮሳ በ1150ዎቹ ዓመታት ያወጡት ድንጋጌ፣ ለትምህርት የሚጓዝ ሰው በሰላም እንዲያልፍ፣ በሌላ ሰው ዕዳ እንዳይያዝ፣ ሲከሰስም በመምህሩ ወይም በጳጳሱ ፊት እንዲዳኝ ፈቀደ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ፤ መምህሩ ዕውቀት አስተላላፊ ብቻ ሳይሆን የተማሪው ዳኛና ጠበቃም ሆኖ መታየቱን ነው።

ቀጥሎ የመጣው የኑሮ ጉዳይ ነው። በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ በ1215 በወጣው ደንብ መሠረት፣ ነገረ መለኮትን ለማስተማር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ስምንት ዓመት መማርና ዕድሜው ሠላሳ አምስት መድረስ ነበረበት። ይህን ያህል ዘመን ከሥራና ከገቢ ርቆ የሚቈይ ሰው ምን በልቶ ይኖራል? ሀብታም ቤተሰብ ወይም ቤተ ክርስቲያናዊ ገቢ ያለው ችግሩን ይቋቋመዋል፤ ድኻው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ሮቤር ደ ሶርቦን የተባሉት ካህን በ1257 ገደማ በስማቸው የሚጠራውን የሶርቦን ኮሌጅ ያቋቋሙት፣ በነገረ መለኮት ከፍተኛ ትምህርት ላይ ላሉ ድኾች ማደሪያና ማዕድ ለመስጠት ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በታላቅነቱ የሚጠራው ስም የተነሣው እንግዲህ ከአንድ የድኾች ተማሪዎች ቤት ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኤጲስ ቆጶስ ሮበርት ግሮስቴስት በ1240 ለኦክስፎርድ ተማሪዎች የብድር ሣጥን አቋቋሙ። ተማሪው መጽሐፉን ወይም ሌላ ዋጋ ያለው ዕቃውን መያዣ አድርጎ ያለ ወለድ ይበደር፣ ሲያገኝም መልሶ ዕቃውን ይወስድ ነበር። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ከአራጣ አበዳሪ እጅ ያዳነው ሰው ጥቂት አይደለም።

ባልንጀራነት፤ የእኛው አገር መልስ

በአገራችን ይኸው ጥያቄ በሌላ መንገድ ተመልሷል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከቤተሰቡ ርቆ ይሄዳል። ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለቅኔ ወደ ጎጃምና ወደ ዋድላ፣ የታወቀ መምህር ወደሚገኝበት ሁሉ ይጓዛል። የሚማርበት ዘመን ከዛሬው የዶክትሬት ትምህርት ዘመን ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ደመወዝም የትምህርት ድጎማም የለውም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም ግን ገበሬው ከማዕዱ ይከፍልለታል። ሕዝቡ ይህን የሚያደርገው እንደ ልማድ ግዴታ ነው፤ ተማሪው የእርሱ የግል ጣጣ ሳይሆን የአካባቢው ሁሉ ኀላፊነት ነው። በወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎችም ደረሳው በሼኹና በአካባቢው ሕዝብ እየተደገፈ ይማር ስለ ነበር፣ ልማዱ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም።

ከእንጀራው ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን የአኗኗሩ ሥርዓት ነው። ተማሪዎች በጎጆ ተሰባስበው ያድራሉ፤ የለመኑትን ያቀላቅላሉ፤ የታመመ ባልንጀራቸውን ያስታምማሉ፤ ለእርሱም ይለምኑለታል። በቅኔ ቤት ትምህርቱ የገፋው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናሹን ይረዳል፤ የኔታ ደግሞ የሁሉንም ችሎታ በየዕለቱ በጆሯቸው ይመዝናሉ። ተማሪው ሲደክም፣ ሲተክዝ፣ ከጉባኤ ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል። «ባልንጀራ» የሚለው ቃላችን «ባለ እንጀራ» ከሚለው ጋር መዛመዱ በአጋጣሚ አይመስልም፤ ጓደኛ ማለት እንጀራ የሚካፈሉት ሰው ነውና።

ይህን ስንል የድሮውን ሁሉ ለማሞካሸት አይደለም። ራቡ፣ ብርዱ፣ ተባዩ፣ የመንደር ውሻው፣ የወረርሽኙ በሽታ ብዙ ወጣት ቀጥፏል። ቅጣቱ የበረታበት ጊዜም ነበር። ለሴቶችም በሩ እጅግ የጠበበ ነበር። ደራሲው መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት የቀዱት መጽሐፈ ትዝታ የተማሪን ሕይወት ፈተናም ጨዋታም ሳያስቀር ያሳየናል። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ተማሪው ሊራብ ይችል ነበር እንጂ ብቻውን አይራብም ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ብቸኝነት ሥርዓት ሲሆን

ዛሬ የምናውቀው የዶክትሬት ትምህርት፣ ማለትም አዲስ ዕውቀት የሚያቀርብ የምርምር ጽሑፍ ደርሶ ማዕርግ መቀበል፣ በተለይ የጎለበተው በጀርመን አገር ነው። የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በ1810 ሲከፈት ሐሳቡን ያመነጩት ቪልሄልም ፎን ሁምቦልት የሊቅነት ሕይወት መሠረት «ብቸኝነትና ነጻነት» መሆኑን አስተምረው ነበር። ተመራማሪው ከዓለም ጫጫታ ርቆ፣ ማንም ሳያዝዘው እውነትን ይፈልግ ማለታቸው ነው። ሐሳቡ ታላቅ ነው፤ ለሳይንስ ዕድገትም ብዙ ፍሬ አፍርቷል። ነገር ግን ለሊቁ ነጻነት የሆነው ብቸኝነት፣ ገና ዕጩ ለሆነውና ኑሮው በሌሎች እጅ ላለው ተማሪ ሸክም ሊሆን እንደሚችል በጊዜው በብዛት አልታሰበበትም።

ጀርመኖች ለዚህ ያበጁት ማካካሻ ሁለት ነበር። አንደኛው መምህርና ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚከራከሩበት ሴሚናር ነው። ሁለተኛው አማካሪውን «የዶክተር አባት» ብሎ የመጥራት ልማድ ነው። ስሙ ከእኛው «የኔታ» ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ አባት ደግም ክፉም ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን አባቱን መለወጥ አይችልም። የአንድ ሰው ዕድል በአንድ አማካሪ ጠባይ ላይ መንጠልጠሉ፣ ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ ሳይፈታ የቈየ ችግር ነው።

ሥርዓቱ ከጀርመን ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ በ1861 የአገሪቱን የመጀመሪያ ሦስት የፍልስፍና ዶክተሮች አስመረቀ። በ1876 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ገና ከመነሻው እያንዳንዳቸው በዓመት 500 ዶላር የሚያወጡ ሃያ የትምህርት ድጎማዎች መደበ። ይህ የሶርቦን ማዕድ በአዲስ መልክ መመለሱ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። እንግሊዞች ዘግይተው፣ ኦክስፎርድ በ1917፣ ካምብሪጅም ከእርሱ ተከትሎ በ1919 ማዕርጉን ተቀበሉ። የሃርቫርዱ ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ ግን ገና በ1903 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ ማዕርግ እንደ ባሕር አውሬ ኮሌጆችን ሁሉ በእጆቹ እየጨመቀ መሄዱን ነቅፈው ነበር። ማዕርጉ የዕውቀት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የእንጀራ በር ቁልፍ ከሆነ፣ ሳይጨርስ የሚቀረው ሰው የሚያጣው ወረቀት ብቻ አይሆንም፤ ክብሩንም ነው።

ለወጣቱ የተሠራ ቤት

በዚሁ ክፍለ ዘመን የተማሪዎች ጤና አገልግሎት ተስፋፋ። አምኸርስት ኮሌጅ በ1861 ለተማሪዎቹ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ የሚያስብ ክፍል በሐኪሙ በኤድዋርድ ሂችኮክ መሪነት አደራጀ። በ1910 ደግሞ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ስቱዋርት ፓተን ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ጀመሩ። በ1970 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው ሌሊት ስልክ ይዘው እየተቀመጡ የተጨነቀ ባልንጀራቸውን የሚያዳምጡበት «የሌሊት መስመር» ተጀምሮ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ።

እነዚህ ሁሉ በጎ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም ቤቱ የተሠራው በአመዛኙ ከወላጆቹ ቤት አዲስ ለወጣው የአሥራ ስምንትና የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። የዶክትሬት ተማሪው ከዚህ ይለያል። ዕድሜው ገፍቷል፤ ትዳርና ልጅ አለው፤ በአንድ በኩል ተማሪ፣ በሌላ በኩል አስተማሪ ነው። ወደ ምክር መስጫው ክፍል ሲሄድ በመጠባበቂያው ወንበር ላይ የሚያገኘው ትናንት ፈተና ያረመለትን ተማሪ ሊሆን ይችላል። ወደ ሠራተኞች ጉዳይ ቢሄድ «ተማሪ ነህ» ይባላል፤ ወደ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሄድ «ሠራተኛ ነህ» ይባላል። በሁለት ወንበሮች መካከል ወደ መሬት መውደቅ ማለት ይህ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ለረጅም ዘመን ትምህርቱን አቋርጦ የወጣ የዶክትሬት ተማሪ «አልቻለም» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ይህ አስተያየት መለወጥ የጀመረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በብሪታንያ በ1980ዎቹ ዓመታት ለማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ገንዘብ የሚሰጠው ምክር ቤት፣ ተማሪዎቻቸው ጽሑፋቸውን በጊዜ በማያስረክቡ ተቋማት ላይ ማዕቀብ ጣለ። ጥያቄው ከተማሪው ወደ ተቋሙ ተዛወረ ማለት ነው። በአሜሪካ ቦወንና ሩደንስታይን በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ የድጎማና የትምህርት ክፍል አደረጃጀት በማጠናቀቅ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ዘርዝረው አሳዩ። ባርባራ ሎቪትስ ደግሞ በ2001 ባወጡት ጥናት፣ አቋርጠው የሄዱት ተማሪዎች በቀድሞ የትምህርት ውጤታቸው ከቀሩት እንደማያንሱ፣ የብዙዎቹ መውጣት ምክንያት በተቋሙ አሠራር ውስጥ እንዳለ፣ እነርሱ ግን ራሳቸውን እንደሚወቅሱ ገለጹ። የአገሪቱ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት በ2008 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ዶክትሬታቸውን የጨረሱት ከመቶ 57 ያህሉ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ጤናን በቀጥታ የሚመለከቱ ጥናቶች ወጡ። ካትያ ሌቬክና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በቤልጅግ በፍላንደርስ ክፍል 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎች ተጠይቀው፣ ከሦስት አንዱ ገደማ ለአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ለድባቴ የተጋለጠ መሆኑ ታየ። ከዚህም ጋር የተያያዙት ነገሮች የሥራ ብዛት፣ በሥራ ላይ የመወሰን መብት ማነስ፣ የቤተሰብና የሥራ ግጭት፣ የአማካሪው የአመራር ጠባይ ናቸው። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ከ26 አገሮች 2,279 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ከመቶ 41 መካከለኛ ወይም ከባድ ጭንቀት፣ ከመቶ 39 ደግሞ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ድባቴ እንዳለባቸው አመለከተ። በእርግጥ በፈቃዳቸው የመለሱት ብቻ ስለ ተቈጠሩ ይህን ቍጥር ለሁሉም መስጠት አይገባም፤ ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ግን ያሳያል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የስዊድን ምሳሌ ነው። ስዊድን በ1998 ባደረገችው ለውጥ፣ ለአራት ዓመት ጥናቱ የሚበቃ ገንዘብ ያልተረጋገጠለት ሰው ለዶክትሬት እንዳይመዘገብ አዘዘች። በዚያ አገር አብዛኛው የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝ፣ የሕመምና የወሊድ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ነው። ይሁንና በ2024 ይፋ የሆነና በአገሪቱ መዛግብት ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ በዚያም አገር ቢሆን በጥናቱ አምስተኛ ዓመት የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የመውሰድ ዕድል ከጥናቱ በፊት ከነበረው በመቶ 40 ያህል ከፍ እንደሚል አስረዳ። እንግዲህ እንጀራ የግድ ያስፈልጋል፤ እንጀራ ብቻውን ግን አይበቃም።

በአገራችን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ከተቋቋመ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዶክትሬት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት በ1979፣ የዶክትሬት ትምህርት ደግሞ በ1987 ጀመረ። ከስዊድን ጋር በተደረገው ትብብር ተማሪው ከፊሉን ጊዜ በውጭ ቤተ ሙከራ፣ ከፊሉን በአገሩ የሚያሳልፍበት ሥርዓትም ሠርቷል። ይህ አሠራር ሰውን ከቤተሰቡና ከአገሩ ፈጽሞ ባለመለየቱ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነበር። ለሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠናም በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው ትብብር፣ ሠልጣኙን ወደ መምህሩ ከመላክ ይልቅ መምህሩን ወደ ሠልጣኙ አመጣ። ከዚያ በፊት በአገር ውስጥ የዚህ ሙያ ስፔሻሊስት ሥልጠና እንዳልነበረና የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ የምክር አገልግሎት በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለምን ዘግይቶ እንደመጣ ይገባናል።

በ1991 ሁለት ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከአርባ በላይ ሆነዋል። ለእነርሱ መምህራን የማፍራቱ ሸክም የወደቀው በዶክትሬት ትምህርት ላይ ነው። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ከተማ የመጣ መምህር ነው። ደመወዙ ከሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ይመጣል፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ናቸው፤ የቤት ኪራዩ ግን እዚህ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መኝታና ምግብ በወጪ መጋራት ሲያገኝ፣ እርሱ በካፌው ሰልፍ ላይ ቦታ የለውም። አማካሪው ብዙ ተማሪ የያዘ፣ ብዙ ኮሚቴ የሚሰበስብ ሰው ነው። የኬሚካል ግዥ ሲዘገይ ወራት ያልፋሉ፤ የጥናት ፈቃዱ ዘመን ግን አይጠብቀውም። ሴት ከሆነች ደግሞ የወሊድና የልጅ አስተዳደግ ሸክም ይጨመርባታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ተማሪው አፍ አውጥቶ «ደከመኝ» አይልም፤ ተመልሶ የሚያስተምርበት ክፍል በማዕርግ ይጠብቀዋልና ያፍራል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ሰው ነው። ነገር ግን የሚገልጥበት በር ሳይከፈትለት «ለምን ደበቅህ?» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው ታሪክ የዶክትሬት ተማሪ ድጋፍ በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆመ መሆኑን ያስረዳናል። እነርሱም ከለላ፣ እንጀራ፣ ባልንጀራና ምክር ናቸው። የባርባሮሳ ዘመን ከለላን ሰጠ፤ ሶርቦንና ሆፕኪንስ እንጀራን ሰጡ፤ ቅኔ ቤት ባልንጀራን ሰጠ፤ ያለንበት ዘመን ደግሞ የሙያ ምክርን ሰጠ። አንዱ ምሰሶ ሲጎድል ሌሎቹ ብቻቸውን ቤቱን እንደማያቆሙት የስዊድን ምሳሌ ያመለክታል። በግቢው ጫፍ አንድ የምክር መስጫ ክፍል ከፍቶ፣ ተማሪውን የሚያደክመውን አሠራር ግን እንዳለ መተው፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

ስለዚህ የሙያ ማኅበራችን አባላት በየተቋማቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ጥቂት ነገር አለ። ተማሪና አማካሪ የሚጠባበቁትን በመጀመሪያው ወር በጽሑፍ ይስማሙ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለተኛ አማካሪ ይመደብ፤ ሳይስማሙ ሲቀሩም ያለ ቂም መለወጥ የሚቻልበት ደንብ ይኑር። የትምህርት ክፍሉ የዶክትሬት ተማሪዎቹን ሁሉ በየሳምንቱ የሚያገናኝ ጉባኤ ይኑረው፤ ማን እንደ ቀረ የሚታወቀው ሰው ሲሰበሰብ ነውና። የሕመምና የወሊድ ጊዜ ከጥናቱ ዘመን ላይ አይቈጠር። ምክር የሚሰጠው ባለሙያ ከፈታኞችና ከአስተዳደር የተለየ፣ ምስጢር ጠባቂ ይሁን። ከእነዚህ አብዛኞቹ ታላቅ በጀት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ሐሳብን ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ የዶክትሬት ትምህርት ለብቻው የተሸከመውን ሰው ያጎብጠዋል፤ ተካፍለው ለተሸከሙት ግን የአገር ጌጥ ይሆናል። ትናንት ገበሬው ከማዕዱ ቈርሶ ለማያውቀው ተማሪ ሲሰጥ፣ ያ ልጅ አንድ ቀን መምህር እንደሚሆን ያውቅ ነበር። እኛም ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ብቻውን የተቀመጠውን ሰው ጠጋ ብለን «እንዴት ሰነበትህ?» ልንለው፣ መልሱንም ቆመን ልንሰማው ይገባናል።